ቮልስና ሴይቼንቶ በዓባይ በረሃ ሚዛን

መኪና የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ በጋራዥም ሆነ በቡና ቤት፣ አንድ አሮጌ ክርክር አለ። ይኸውም «ከቮልስዋገንና ከሴይቼንቶ የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ነው። አንዱ «ቮልስ ድንጋይ ነው፤ አይሞትም» ሲል፣ ሌላው «ሴይቼንቶን የመሰለች ቆጣቢ ከወዴት ትገኛለች?» ብሎ ይመልሳል። ቡናው ይቀዘቅዛል፤ ክርክሩ ግን አይቀዘቅዝም። ብዙ ጊዜም ተከራካሪዎቹ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ፋብሪካው ያተመውን ቍጥር ነው፤ ይህን ያህል የፈረስ ጕልበት፣ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እያሉ።

ቍጥሩ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ቍጥሩ የተለካው በኤውሮፓ ዝቅተኛ አገር፣ በለሰለሰ መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ለሚገባ መንገደኛ ያ ቍጥር እንደ ገና መታሰብ ይኖርበታል። እኛም ዛሬ ሁለቱን መኪናዎች የምናወዳድራቸው በፋብሪካው ወረቀት ብቻ ሳይሆን በጎጃም መንገድ ላይ ነው።

ክርክሩ የጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ፍኖተ ሰላም ይኖራሉ እንበል። ባለቤታቸው በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባቸው። ያጠራቀሙት ገንዘብ አንድ አሮጌ መኪና ይገዛ እንደ ሆነ ነው እንጂ ሁለተኛ አይገዛም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ መያዝ የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። እንግዲህ በእኒህ መምህር ፊት አንድ ቮልስና አንዲት ሴይቼንቶ ቀርበዋል። የትኛውን ይግዙ? ቢሳሳቱ የሚከፍሉት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛ ይዘው ዓባይ በረሃ ላይ በቀትር መቆም ነው።

አስቀድመን የሁለቱን ዘር እንቍጠር። ቮልስዋገን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ሲሆን፣ የነደፈው ኢንጂነር ፌርዲናንድ ፖርሼ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቮልፍስቡርግ ፋብሪካ በብዛት ይሠራ ጀመር። በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም. የተሠራው ብዛት ከ15 ሚሊዮን አልፎ የአሜሪካኑን ፎርድ ሞዴል ቲ ቀደመ። የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሲወጣ ጠቅላላው ቍጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። ወደ አገራችን ታሪክም ገብቷል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በቮልስዋገን ነበር።

ሴይቼንቶ ደግሞ በጣሊያንኛ «ስድስት መቶ» ማለት ነው፤ የመኪናዋም ስም ፊያት 600 ነው። የነደፋት ዳንቴ ጃኮዛ የተባለው ኢንጂነር ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየችው በ1947 ዓ.ም. በጄኔቭ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። በቶሪኖ ፋብሪካ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርታለች። የአዲስ አበባ ሰው ግን የሚያስታውሳት በሌላ ነው፤ ከቀድሞዎቹ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ብዙዎቹ እነዚህ ትናንሽ ፊያቶች ነበሩ። ስለዚህ በከተማችን ስንቱ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶሞቢል ላይ የወጣው በሴይቼንቶ ይሆን!

አሁን ወደ ቍጥሩ እንግባ። የሞዴል ዓመት በጋራዥ የሚጠራው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ እኛም በዚያው እንጠራለን። ለማወዳደር የመረጥናቸው ከ1961 ወዲህ የወጣውን ቮልስ 1200ንና ከ1960 ወዲህ የወጣችውን ፊያት 600 ዲን ነው።

ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው፤ ሁለቱም አራት ፒስቶንና አራት የፊት ማርሽ አላቸው። የቮልስ ሞተር 1192 ሲሲ ሲሆን፣ ፒስቶኖቹ ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ ተጋድመው ይመላለሳሉ፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። የሴይቼንቶ ሞተር 767 ሲሲ ነው፤ ፒስቶኖቹ በአንድ ረድፍ ቆመው ይሠራሉ፤ የምትቀዘቅዘውም በውሃና በራዲያተር ነው። የመጀመሪያዋ የ1955 ሴይቼንቶ ግን 633 ሲሲ ብቻ ነበረች። የቮልስ ጕልበት 34 ፈረስ፣ የሴይቼንቶ 29 ፈረስ ነው፤ የፊተኛዋ ሴይቼንቶ 21 ከግማሽ ያህል ብቻ ነበራት። ቮልስ ባዶውን 740 ኪሎ ያህል ሲመዝን ሴይቼንቶ 605 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። የቮልስ ርዝመት 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር፣ የእሷ 3 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሜዳ መንገድ ቮልስ በሰዓት እስከ 115፣ ሴይቼንቶ እስከ 110 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ።

ይህን ያየ ሰው «ቮልስ በጕልበት በለጠ» ብሎ ወረቀቱን ሊያጥፍ ይችላል። አይቸኵል። አገራችን ሰው ጭነት የሚያሰላው በበቅሎ ነው፤ የበቅሎዎቹን ብዛት ቈጥሮ ብቻ አይፈርድም፤ ለአንዷ በቅሎ ስንት ፈረሱላ ደረሳት ብሎ ይጠይቃል። እኛም እንዲሁ እናድርግና ለአንድ ፈረስ ጕልበት ስንት ኪሎ እንደሚደርሰው እናስላ። መኪናዎቹ ባዶ ሲሆኑ በቮልስ ለአንዱ ፈረስ 22 ኪሎ ያህል፣ በሴይቼንቶ 21 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል። እንግዲያውስ ባዶዋን ሴይቼንቶ ጥቂት ትቀድማለች ማለት ነው!

ነገር ግን ወደ ጎጃም ባዶ መኪና ይዞ የሚሄድ የለም። አራት ሰውና ዕቃ፣ በድምሩ 300 ኪሎ እንጫን። በዚህ ጊዜ በቮልስ ለአንዱ ፈረስ 30 ከግማሽ ኪሎ ያህል፣ በሴይቼንቶ ደግሞ 31 ኪሎ ያህል ይሆናል። ሚዛኑ ተገለበጠ፤ ቢሆንም ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው። የ1955ቷ የፊተኛዋ ሴይቼንቶ ግን በዚሁ ጭነት ለአንዱ ፈረስ 41 ኪሎ ታሸክመዋለች። ስለዚህ ሻጩ «ሴይቼንቶ ናት» ሲል ገዢው «633 ናት ወይስ 767?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ስማቸው አንድ ቢሆንም ጕልበታቸው አንድ አይደለም።

ቀጥሎ ከፍታው ይመጣል። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቀላቅሎ በማቃጠል ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ሞተር በየሺው ሜትር ከጕልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይጎድልበታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል፣ ቡሬ 2100 ሜትር ያህል፣ ፍኖተ ሰላም 1900 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ የደረሰ ቮልስ 34 ፈረሱን ይዞ አልደረሰም፤ ስምንቱ ያህል ቀርተውበት በ26 ፈረስ ነው የገባው። ሴይቼንቶም 29ኙን ይዛ ተነሥታ በ22 ትገባለች። የፊተኛዋ ሴይቼንቶማ 16 ፈረስ ብቻ ይተርፋታል። ፋብሪካው ወረቀቱ ላይ ያልጻፈው ይህን ነው።

አየሩ ሲሳሳ ሌላም ነገር ይከተላል። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር ለከፍተኛ አገር ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሶ ከተገኘ፣ ከኋላም ጥቍር ጢስ ከታየ፣ ምናልባት ሞተሩ አላረጀም፤ ቤንዚን በዝቶበት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ለአገሩ ከፍታ ማስተካከል ሞተር ከማስፈታት እጅግ ይረክሳል።

እነሆ አሁን ዓባይ በረሃ ደረስን። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ያለው ቍልቍለት ከ1300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከወንዙ እስከ ደጀን ያለው ዳገትም ያንኑ ያህል ይወጣል። መውረጃውና መውጫው በድምሩ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እየጎበጠ ሾፌሩን ያስቸግራል። በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወንዙን መሻገር ቀሏል፤ ዳገቱና ቍልቍለቱ ግን ያው የጥንቱ ነው።

ቍልቍለቱ የፍሬን ፈተና ነው። ሁለቱም መኪናዎች በአራቱም ጎማ ላይ የከበሮ ፍሬን አላቸው። ይህ ዐይነት ፍሬን ለረጅም ጊዜ ከተረገጠ ይግላል፤ ከጋለም መያዙን ይተዋል። የድሮ ሾፌሮች ሕግ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚል ነው፤ ይኸውም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ማርሹን አውጥቶ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚንከባለል ሰው የቆጠበውን ገንዘብ የሚበላለት ዘመድ መሆኑን ይወቅ። በዚህ ነጥብ ሁለቱን መኪናዎች ለማበላለጥ አስቸጋሪ ነው፤ ሴይቼንቶ ቀላል ስለ ሆነች ፍሬኗ የሚሸከመው ያንሳል፤ ቮልስ ደግሞ ትልቅ ሞተሩ ሲይዝ የበለጠ ይጎትታል። እኩል ናቸው እንበል።

ከወንዙ አጠገብ ሲደረስ ሙቀቱ ይበረታል። አየር ወደ ታች በተወረደ ቍጥር በየሺው ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየሞቀ ስለሚሄድ፣ ከጎሐ ጽዮን ይልቅ ወንዙ ዳር ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ይበልጣል። እዚህ ላይ መኪናው ፊቱን ወደ ደጀን አዙሮ፣ ሰው ጭኖ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ይጀምራል። የሁለቱ መኪናዎች ልዩነት የሚገለጠው በዚህ ስፍራ ነው።

ሴይቼንቶ የምትቀዘቅዘው በውሃ ነው። ውሃ በባሕር ወለል አጠገብ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በደጀን ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ መኪናዋ ወደ ላይ በወጣች ቍጥር ውሃው ለመፍላት ይቀርባል። የራዲያተሩ ክዳን በደንብ ከገጠመ እንፋሎቱን አፍኖ መፍላቱን ያዘገያል፤ ክዳኑ ጎማው አርጅቶ ከሆነ ግን ውሃው በፉጨት ይወጣል፤ መንገደኛውም ከመንገድ ዳር ይቆማል። በዚህ ላይ ራዲያተሯ ከኋላ፣ ከሞተሩ ጎን ስለ ተቀመጠ የፊት ነፋስ አያገኝም፤ ተስፋው ሁሉ በቬንቲሌተሩ ላይ ነው።

ቮልስ ውሃ የለውም፤ የሌለው ውሃ አይፈላም። በበረሃ ስሙ የገነነው በዚህ ነው። ይሁን እንጂ «ቮልስ አይሞቅም» የሚለው አባባል እውነት አይደለም። የሳሳ አየር እሱንም ደካማ አድርጎ ያቀዘቅዘዋል። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፣ ይኸው ጥቂት ዘይት ማለስለስም ማቀዝቀዝም ሥራው ነው። ዲናሞውንና ማቀዝቀዣውን ቬንቲሌተር የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ሲበጠስ በዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ በዚያን ጊዜ «ባትሪው ነው፤ ደጀን ስደርስ አሳየዋለሁ» ብሎ የሚነዳ ሰው ደጀን ሳይደርስ ሞተሩን ያቃጥላል። ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው ማጥፋት ነው። ትርፍ ቺንጊያና መፍቻ ያልያዘ ቮልስ ዓባይን ባይሻገር ይሻለዋል።

ሌላው ልዩነት የሞተሩ ድካም ነው። ቮልስ ሙሉ ጕልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 3600 ጊዜ ሲሽከረከር ነው፤ ሴይቼንቶ ግን ያላትን ለመስጠት 4800 ጊዜ መሽከርከር አለባት። በጭነት ሚዛን እኩል መስለው የነበሩት ሁለቱ መኪናዎች እዚህ ይለያያሉ፤ አንዱ እያዘገመ ሲወጣ ሌላዋ እየጮኸች ትወጣለች። በአንድ ቀን ጉዞ ልዩነቱ አይታይም፤ በብዙ ዓመት ግን ፒስቶኑና ሲሊንደሩ ይናገራሉ። እንደዚሁም ከ1961 ወዲህ ያለው ቮልስ እየሄደ አንደኛ ማርሽ ይቀበላል። ሴይቼንቶ ግን አንደኛ ማርሽ በደንብ የምትቀበለው ስትቆም ነው። ከፊት ከባድ መኪና ተገትሮበት በጠመዝማዛ ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ያቃተው ሾፌር የዚህን ጥቅም ያውቀዋል።

ደጀን ከተወጣ በኋላ መንገዱ ይቀላል። በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በደምበጫና በጅጋ በኩል እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያለው አገር ሰፊ የእርሻ አገር ነው። እዚህ የሚጠየቀው ጎማና ወለል ነው፤ ምክንያቱም የአገር ቤት ሰው ጉዞው አስፋልት ላይ አያልቅም፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ዘመድ ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በጠጠርና በጭቃ መንገድ ይታጠፋል። የቮልስ ጎማ ባለ 15፣ የሴይቼንቶ ባለ 12 ኢንች ነው። ትልቁ ጎማ ጉድጓዱን ሲያልፈው ትንሹ ይገባበታል። የቮልስ ሆድም ዝርግ ብረት ስለ ሆነ ድንጋይ ቢነካው ሸርተት ብሎ ያልፋል። ሞተሩ ከኋላ ተጭኖ የሚገፉትን ጎማዎች ስለሚጫናቸው ሁለቱም በጭቃ ላይ ከመጠናቸው በላይ ይጎለብታሉ። የጠጠር መንገድ ለሚያዘወትር ሰው ቮልስ ይሻለዋል።

ሴይቼንቶ ግን በአንድ ነገር ታስንቀዋለች፤ ይኸውም በጠመዝማዛ ላይ ነው። የቮልስ የኋላ ጎማ በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ ውስጥ የመታጠፍ ጠባይ አለው፤ በክረምት በረጠበ መንገድ ላይ በድንገት ፍሬን የያዘ እንደ ሆነ ኋላው ይዞራል። ሴይቼንቶ ከኋላ ያላት አሠራር ለዚህ የተሻለ ነው። በከተማ ውስጥም ለመዞር ቮልስ 11 ሜትር ያህል ሲፈልግ ለእሷ ከ9 ሜትር ያነሰ ይበቃታል። ለሌሊት ጉዞም መብራቷ ይሻላል፤ እሷ ከመጀመሪያው 12 ቮልት ስትሆን፣ ቮልስ እስከ 1967 ድረስ 6 ቮልት ነበረና መብራቱ እንደ ኩራዝ ደብዛዛ ነበር።

ወደ ቤንዚን እንምጣ። ሴይቼንቶ ለ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ያህል ሲበቃት፣ ቮልስ 7 ሊትር ተኩል ያህል ይጠጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ጉዞ ሴይቼንቶ 23፣ ቮልስ 29 ሊትር ገደማ ይፈልጋሉ። ዳገቱ በሁለቱም ላይ ይጨምራል። ለጡረተኛ ስድስት ሊትር ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና ሰልባቲዮውንም ማየት ያስፈልጋል። ቮልስ 40 ሊትር ስለሚይዝ አንድ ጊዜ ሞልቶ ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ቡሬም ይደርሳል። የፊተኛዋ ሴይቼንቶ የምትይዘው 27 ሊትር ስለ ሆነ ዳገቱ ሲታሰብ መንገድ ላይ መቅዳት ይኖርባታል፤ ቤንዚን በሚጠፋበት ወራት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከ1961 በፊት የወጣ ቮልስ የሚገዛም ሰው የቤንዚን መለኪያ እንደሌለው ይወቅ፤ ሞተሩ ማንቀጥቀጥ ሲጀምር በእግር ትንሽ መክፈቻ ተዞሮ የመጠባበቂያው ቤንዚን ይለቀቃል። መክፈቻው አስቀድሞ ተዞሮ ከነበረ ግን የሚቀረው በእግር መሄድ ነው።

አሮጌ መኪና በመጨረሻ የሚመዘነው በስፔርና በመካኒክ ነው። መካኒክን በተመለከተ ሁለቱም ዕድለኞች ናቸው። የአገራችን ጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያን የመጣ ነውና ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞቶሪኖ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ ይባላል፤ ጀርመን የሠራው ቮልስ እንኳ የሚፈታውና የሚገጠመው በጣሊያን ቃል ነው። በስፔር በኩል ግን እኩል አይደሉም። ሴይቼንቶ በኢጣልያ መሠራቷ የቆመው በ1969 ነው፤ በዩጎዝላቪያ ዛስታቫ በሚል ስም እስከ 1985 ተሠርታለች። ቮልስ እስከ 2003 ድረስ ተሠርቷል፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ለሆነ መኪና ደግሞ ዕቃ የሚያመርት ዛሬም በብዙ አገር አለ። በአዲስ አበባም በየሰፈሩ ቮልስ ይታያልና የአንዱ አሮጌ ለሌላው ስፔር ይሆናል። ሴይቼንቶን የያዘ ሰው ግን ዕቃ ፈላጊ ብቻ ሳይሆን ዕቃ አስቀማጭ መሆን አለበት።

እንግዲህ ፍርዱን እንስጥ። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ፣ ሁለት ሰው ለሚጭን፣ ቤንዚን ለሚቆጥብ ሰው ሴይቼንቶ ዛሬም የተመሰገነች ናት። በሽተኛ ይዘው ዓባይን በየሦስት ወሩ ለሚሻገሩት መምህር ግን ምክራችን ቮልስ ነው። ምክንያቱም በወረቀት ላይ ከሚታየው የአምስት ፈረስ ብልጫ ይልቅ ውሃ አለመፈለጉ፣ እያዘገመ መውጣቱ፣ ጎማው ትልቅ መሆኑና ስፔሩ መገኘቱ ይበልጣል። በየጉዞው ስድስት ሊትር ቤንዚን ቢጨምሩም መንገድ ላይ ላለመቆም የከፈሉት ዋጋ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። የተጎሳቈለ ቮልስ ከተጠበቀች ሴይቼንቶ አይበልጥም። ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ይህን ይመርምር። ቮልስ ከሆነ ሞተሩ ሲጠፋ ትልቁን የቺንጊያ ፑሌጃ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይግፋው፤ በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የሞተሩ ቤት ተበልቷል። ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የተቀመጠበትን ብረት ዝገት በልቶት እንደ ሆነ ይይ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የአየር መከለያ ቆርቆሮዎች ሁሉ መኖራቸውን ያረጋግጥ፤ ብዙ ሰው «ትርፍ ነው» ብሎ ያወልቃቸዋል፤ ማቀዝቀዣውን አየር የሚመሩት ግን እነሱ ናቸው። ሴይቼንቶ ከሆነች በቀዝቃዛው የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃው ላይ ዘይት መስፈፍ አለመስፈፉን ይመልከት፤ የዘይት መለኪያውንም መዝዞ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከሆነ ይተዋት። ሁለቱንም ቢሆን በሜዳ ብቻ ሳይሆን ሰው ጭኖ በዳገት ይፈትናቸው።

ከገዛም በኋላ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ዘይቱን፣ ቺንጊያውን፣ ፍሬኑንና ትርፍ ጎማውን ይይ። ሴይቼንቶ ያለው ደግሞ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ይያዝ፤ ውሃው ቢፈላ ክዳኑን በጋለበት አይክፈት፤ ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አይድፋ። በወንዙ ዳር ሙቀት ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ተንኖ መኪናው ቢቆም፣ ጥላ ፈልጎ በቤንዚን ፓምፑ ላይ የራሰ ጨርቅ ማድረግና ሩብ ሰዓት መታገሥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚቻል ከሆነ ማልዶ ተነሥቶ ዳገቱን ቀትር ሳይደርስ መጨረስ ከሁሉ ይሻላል። ዳገት ሥር ደርሶ ለበቅሎ ገብስ ማብላት እንደማይረባ ሁሉ፣ ዓባይ ወርዶ ስለ ቺንጊያ ማሰብም አይረባም።

በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ ከመነሣት በፊት መንገዱን መጠየቅ ዘይት እንደ ማየት ያህል ግዴታ ሆኗል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። መኪናውን አዘጋጅቶ መጠበቅ የባለ መኪናው ፋንታ ነው፤ መንገዱ እንደ ስሙ እንዲሆንለት ግን የሁላችንም ምኞት ነው።